ኒዱፕ ያየው ጭፈራ

ኒዱፕ ቡምታንግ በሚባል ተራራማ ሸለቆ ውስጥ፣ ከመንደሩ በላይ ባለችው ቤተ መቅደስ የጭንብል ጭፈራ ሲመራ ኖሮ፣ ግራ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ተወው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚያው ቁጭ ብሎ ጸሎት መድገም ሆነ ሥራው።

አንድ ማለዳ ሲደግም ከፊቱ ያለው ግድግዳ ጠፋ። ሰማያዊ የለበሱ ሴቶች ደመና ላይ ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ፤ እግራቸው ባረፈ ቁጥር ከበሮ እሱ ደረት ውስጥ ይመታል። እንቅልፍ አልነበረም፤ በቅቤ የሚነደው መብራት ሲንጣጣ ይሰማው ነበር። ሲያልፍለት ጉንጩ በእንባ ርሷል፣ ደስታው ግን አላስቀምጥ አለው። የጭፈራውን እርምጃ በቃሉ እየቆጠረ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ሩጫ ከተባለ።

ሚስቱ ዛንግሞ ጣሪያ ላይ በርበሬ እያሰጣች ግቢው ውስጥ ሲሽከረከር አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ንብ ነደፈህ እንዴ?»

«ዝም በይ፣ ይጠፋብኛል! ሦስት ወደ ቀኝ፣ አንዴ መዞር...»

«ዙር፣ ዶሮዎቼን ብቻ እንዳትረግጥ!»

በማግስቱ ለቤተ መቅደሷ መንፈሳዊ መምህር፣ ለላማ ኩንዛንግ ነገራቸው። ላማው ነገር ቶሎ የሚያምኑ ሰው አይደሉም።

«ካየህ በኋላ ምን ሆንክ? ኩራት ኩራት አለህ?»

«ኧረ አባቴ! በመስኖ ውሃ የተጣላሁትን ጎረቤቴን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት።»

«ያን ነዝናዛ?» ላማው ከት ብለው ሳቁ። «እንግዲያው ጨፋሪዎቹን አስተምራቸው።»

አስሩ ጨፋሪዎች በወር ውስጥ ለመዱት። ለዓመቱ በዓል በተደረገው የመጨረሻ ልምምድ ላይ ግን ከዞሩ በኋላ ሁሉም ባንድ ላይ ግራ እግራቸውን ሰበር አደረጉ።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ ኒዱፕ ደንግጦ።

«እርስዎ እንዳሳዩን ነው፣ አባባ» አለ አለቃቸው ፔልጆር።

ኒዱፕ አንገቱን ደፍቶ ላማው ዘንድ ሄደ። «አባቴ፣ ያየኋቸው አያነክሱም። ማነከሱ የኔ ነው። ራእዩን አበላሸሁት።»

«መምህሬ ያስተማሩኝ ጸሎት መሀል ላይ ረጅም ዝምታ አለ» አሉ ላማው። «አርባ ዓመት ትልቅ ምሥጢር ይመስለኝ ነበር። ለካ አስም ነበረባቸው።»

«ታዲያ ተዉት?»

«ለምን ብዬ? ልቤ የሚከፈተው እኮ እዚያ ዝም ስል ነው።»

በበዓሉ ቀን አስሩ ባንድ ላይ ሰበር ሲሉ ሕዝቡ በመደነቅ «ኡ!» አለ፤ አሮጊቶች አለቀሱ። ከበዓሉ በኋላ የጎረቤት ሸለቆ ሰዎች ሊማሩ መጡ። ኒዱፕ ሴቶቹ ሳያነክሱ የጨፈሩትን በቃል ነግሮ፣ አስሩ እያነከሱ የጨፈሩትን አሳይቶ ምርጫውን ለእነሱ ተወ። ክርክሩ ሳያልቅ መሸ፤ ዛንግሞም «መጀመሪያ ብሉ!» ብላ አስገባቻቸው።