የስቶይና ጥቁር ክፈፍ

በቡልጋሪያ፣ ከፕሌቨን ወዲህ ባለችው ትንሿ ከተማችን ሰው ሲሞት ፎቶግራፉ በጥቁር ክፈፍ ታትሞ በየበሩ ይለጠፋል። አረጋውያንን ቲያትር የሚያስተምረው ካሎያን ግን ውጭ አገር ብዙ ስለቆየ ይህን ዘንግቶታል። ለትርኢቱ ማስታወቂያ ከተማሪዎቹ የአንዷን፣ የአሮጊቷን የስቶይናን ፎቶግራፍ በጥቁር ክፈፍ አትሞ፣ ከሥሩ ቀኑንና አዳራሹን ጽፎ በየበሩ ለጠፈው።

"በቁሜ ቀበርከኝ እኮ፣ ልጄ!" ብለው ሳቁ ስቶይና።

"ውይ! ላንሳው፣ እማማ?"

"ተወው። ሲያዩኝ ይደንግጡ።"

ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው የሚጫወቱት ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ነው። ቃል ሲጠፋቸው ካሎያን ከመጋረጃው ጀርባ ያቀብላቸዋል። በትርኢቱ ቀን ግን ዓይናቸው ከበሩ አልነቀል አለ። እህታቸው ፔና በአጥር ላይ በወጣ የወይን ሐረግ ሰበብ ከተጣሏቸው ወዲህ ደጃቸውን ረግጠው አያውቁም። ስቶይና ለትርኢቱ እንዲመጡላቸው ሰው ልከውባቸው ነበር፤ መልስ አላገኙም።

ትርኢቱ ተጋምሶ ሳለ ፔና ጥቁር ለብሰው፣ ስድስት ነጭ አበባ ታቅፈው፣ እያለቀሱ ገቡ። መድረኩን ሲያዩ ደርቀው ቀሩ።

"አንቺ! አልሞትሽም እንዴ?"

"ገና ነኝ። ቁጭ በይ፣ ትርኢቴን አታበላሺብኝ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ፔና ግን ወደ መድረኩ ቀርበው፣ "ምነው ሳልታረቃት ሞተችብኝ እያልኩ መንገዱን ሙሉ ሳለቅስ መጣሁ፤ አንቺ ክፉ!" አሉና አበባውን ጭናቸው ላይ አኖሩላቸው።

በእኛ አገር አበባ ለሙት በጥንድ ቁጥር፣ ለቁም ሰው በጎዶሎ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ስቶይና አንዷን መዘው ለእህታቸው መልሰው ሰጡ።

"ይኸው፣ አሁን የእኔ ሆነ" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "ካሎያን፣ የቱ ጋ ነበርኩ?"