ስቱኮ የተደፈነበት ግንድ

ሞይራ አውስትራሊያ ውስጥ፣ ኦትዌይ በሚባል ተራራ ላይ ችግኝ እያፈላች ሠላሳ ዓመት ኖራለች። አዲሱ ጎረቤቷ ክሬግ አንድ ቀን ከአጥሩ በላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ማዘር፣ ይሄ እኔ ግቢ ያለው ግዙፍ ባሕር ዛፍ ምን ዓይነት ነው?» ሲላት ደስ አላት። ስለ ዛፍ የሚጠይቃት ሰው ካገኘች ቆይታለች።

ሻይና ብስኩት ካቀረበችለት በኋላ ዛፉ ሥር ይዛው ሄደች። «እየው፣ ከታች ቅርፊቱ ሻካራ ነው፤ ከላይ እየተላጠ ነጭ ይሆናል። እንቡጡን ደግሞ ልብ በል፤ ከአንድ ቅጠል ብብት ሁለት ዘለላ ነው የሚወጣው። ረጅሙ የተራራ ባሕር ዛፍ በዚህ ይለያል።»

«ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል?»

«ይሄኛውስ አያቆጠቁጥም። ከሞተ ሞተ ነው፤ የሚበቅለው ከዘር ብቻ ነው።»

በአራተኛው ወር የዛፉ ጫፍ ደረቀ። ሞይራ ሄዳ ግንዱን ስትዳብስ ስቱኮ ጣቷ ላይ ቀረ። ፈልፍላ ስታወጣው በትራፓኖ የተበሳ ቀዳዳ አገኘች፤ ከውስጡ የአረም መድኃኒት ይሸታል። ዙሪያውን ዘጠኝ ቀዳዳ ነበር። ለካ ዛፉ ከክሬግ በረንዳ ሲታይ ከተራራው ግርጌ ያለውን ባሕር ይጋርድ ኖሯል። የተጸየፈችው እሱን ብቻ አልነበረም፤ ብስኩት ያቀረበለትን እጇንም ጭምር እንጂ።

ማዘጋጃ ቤቱ ክሬግን ቀጣው፤ በምትኩ ስድስት ችግኝ እንዲተክልም አዘዘው። እየሳቀ መጣ።

«ማዘር፣ ያንኑ ዓይነት ስጪኝ። ካንቺ ወዲያ ማን አለኝ?»

«ፊትህን ባላየው ደስ ይለኝ ነበር።»

«ኧረ ዛፍ ነው! ሰው አልገደልኩ።»

ችግኞቹ የፈሉት ከዚያው ዛፍ ፍሬ ነበር። ልታባርረው አስባ ነበር፤ ግን የዛፉ ዘር በቦታው ይተካ ብላ ሰጠችው። ከሰዓት በኋላ በአጥሩ በኩል ስታይ፣ ሰውዬው ችግኞቹን ከነፕላስቲካቸው ጉድጓድ ውስጥ እየወሸቀ ነው።

«ሥሩን ልታፍነው ነው እንዴ፣ አንተ አረመኔ?» ብላ ገባች። ተንበርክካ አንድ በአንድ አወጣች፤ ፕላስቲኩን ቀድዳ፣ አፈሩን አላልታ፣ ስድስቱንም ራሷ ተከለች። እሱ ቢራ ከፍቶ አጠገቧ አስቀመጠላት።

«ጉርብትና ማለት ይሄ ነው!»

ሞይራ ጠርሙሱን ሳትነካ ተነሣች። ቤቷ ገብታ እጇን ሁለቴ በሳሙና ታጠበች።

ችግኞቹ ጸድቀዋል። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ዛፍ ለሚጠይቃት ሁሉ፣ አስቀድማ «ለምንህ ነው?» ሳትል መልስ አትሰጥም።