የየሺሀረግ የፋሲካ እንቁላል

እኔ ከበቡሽ ቃል ስገባ አፌ ከልቤ ይቀድማል። ባሌ ገብረወልድ «አንቺ ሴትዮ፣ ከመናገርሽ በፊት ምራቅሽን ዋጥ አድርጊ» ይለኛል። እሱ ምራቁን እስኪውጥ ገበያው ይበተናል። ጂንካ ላይ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ የምንሸጥባትን ሱቅ ያቆማት የኔ አፍ እንጂ የሱ ዝምታ እንዳልሆነ ደንበኛው ሁሉ ይመሰክራል። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ፋሲካ ግን ይኸው አፌ ጉድ ሠራኝ።

የመጨረሻዋ ልጄ የሺሀረግ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ «እኔም እጾማለሁ» ብላ ተነሳች። እኔ ደግሞ ደስ ሲለኝ አያስችለኝም። «ሳትገድፊ ከጨረስሽ ከዶሮ ወጡ ውስጥ ሙሉ እንቁላል ለብቻሽ አወጣልሻለሁ!» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሙሉ እንቁላል በኛ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ለአባወራው፣ አንድ ለእንግዳ፣ አንድ ለንስሐ አባታችን ለቄስ ዘሩ ይወጣል፤ የተረፈው ለልጆች በቢላ ይሰነጠቃል። ያለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሟ ፈለቀ አስኳሉን ፈልቅቆ በልቶ ነጩን ብቻ ትቶላት፣ ልጄ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አኩርፋ ነበር። ስለዚህ ጾሙን የያዘችው በእልህ ነው። ፈለቀ ራሱ በሁለተኛው ሳምንት ገድፎ፣ ወተቱን አፍንጫዋ ሥር እያስጠጋ «ጠብታ አያስገድፍም፣ ቅመሺ» ሲላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

የጾሙ እኩሌታ ላይ ፈንግል ገባ። ዛሬ የጎረቤት ዶሮ ክንፏን ጣለች ሲሉን፣ በሳምንቱ በየግቢው አንድ ጩኸት ጠፋ። ሰው እንኳ ማለዳ የሚያነቃው አጥቶ አርፍዶ ይነሳ ጀመር። ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ፣ ዶሮዎቻችን በአድኃሪ ኃይሎች ሤራ ያለቁ ይመስል ሲያወግዝ ዋለ። አጨብጭበን ወጣን። ከሞቱት ዶሮዎች አንዷም አልተነሳችም።

ጎረቤቴ ዘሪቱ ልታጽናናኝ መጣች። ዘሪቱ የአሪ ሰው ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ጾሙ ባይመለከታትም የኔ ጭንቀት ይመለከታታል። ዱሮ ፈረንጆች ቤት ትሠራ ነበር።

«የነሱ ልጆች ለፋሲካ ከቸኮላት የተሠራ እንቁላል ነበራቸው» አለችኝ። «እናትየዋ ጓሮ ትደብቀዋለች። ልጆቹ ሲፈልጉ ይውላሉ።»

«እንቁላል አግኝተው ይደብቃሉ?» አልኩ። «ጥጋብ ነው!»

የሺ ከጓዳ በር ላይ ሆና ትሰማን ኖሯል። ቀስ ብላ መጥታ ቀሚሴን ያዘችና «እማዬ፣ የኔንም ደብቀሽው ነው እንዴ?» አለችኝ። የለም ማለት አቅቶኝ «ዝም ብለሽ ጹሚ» ብዬ ተቆጣኋት።

በሕማማቱ ማክሰኞ አልዱባ ገበያ ወረድኩ። ማርና ፍየል አለ፣ ጎመን አለ፣ እንቁላል የሚባል ነገር የለም። ገበያውን ሦስቴ ዞሬ ልመለስ ስል የቤታችን ወዳጅ ሻንቆ አየኝ። ሻንቆ የበና ሰው ነው፤ ጂንካ ሲመጣ እኛ ቤት ያድራል፣ ባሌ ወደሱ ሲወርድ እሱ ዘንድ ያድራል። እንደ ልማዱ ከሩቅ እየሳቀ መጥቶ እጁን ዘረጋልኝ። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ምነው?» አለ። «እጄ ምን ሆነ?»

«ሕማማት ነው፣ ሻንቆዬ። በዚህ ሳምንት መጨባበጥም መሳሳምም የለም። ይሁዳ ጌታችንን የሸጠው ስሞ ነው።»

«እኔ ማንንም አልሸጥኩም» አለ፣ ቅር ብሎት።

እጁ ለትንሽ ጊዜ እንደተዘረጋ ቆየ። እኔም አፈርኩ፤ ሥርዓቱ ሥርዓት ነው፣ የሰው ፊት ደግሞ የሰው ፊት ነው። «ለፋሲካ ና፣ በደንብ አድርጌ ሰላም እልሃለሁ፣ ይሄ ዕዳዬ ነው» አልኩት። ከዚያም ነገር ለማስቀየስ የሺን፣ ጾሟን፣ የገባሁላትን ቃልና ፈንግሉን ዘረገፍኩለት። ሻንቆ ሲሰማኝ ቆይቶ ሳቀ።

«አንድ ልጅ፣ አንድ እንቁላል። ይሄ ነው ችግር?»

እኔ የቀለደብኝ መስሎኝ ተናድጄ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሱቃችን በር ላይ ቆመ። ገለባ የተጎዘጎዘበት ትልቅ ቅል በሁለት እጁ አቅፏል። «ሻንቆ ለልጅቷ ነው ብሏል። ከሰበርከው እሰብርሃለሁ ስላለኝ፣ መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ አድርጌው ነው የመጣሁት» አለ። ገለባውን ገለጥ ባደርገው የሰጎን እንቁላል ነው። የሕፃን ራስ ያህላል። ገብረወልድ አንድ ጊዜ አየው፣ ምራቁን ዋጠ።

የሺ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይሄ ሁሉ የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ጂንካ ውስጥ ከኔ ወዲያ ቃል አክባሪ እናት አለች? ዘሪቱን ጠርቼ አሳየኋት፣ የማዶዋን ኸዲጃንም አስጠራሁ። ፈለቀ ለመጀመሪያ ጊዜ የእህቱን ስም በቁልምጫ ሲጠራ ሰማሁት።

ቄስ ዘሩ የቀዳም ሥዑርን ቄጠማ ሊያድሉን የገቡት ይህን ጊዜ ነው። ቄጠማውን ለሁላችን ሰጥተው ሲያበቁ ዓይናቸው እንቁላሉ ላይ አረፈ።

«የሺሀረግ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው» አሏት። «ሰጎን እንቁላሏን የምትፈለፍለው በማየት ነው። ዓይኗን ከላዩ አታነሳም። ካነሳች ይበላሻል። ለዚህ ነው በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ የምናኖረው፤ እግዚአብሔርም እኛን እንዲሁ ዓይኑን ሳያነሳ ይጠብቀናል ስንል ነው።» ቀጥለው ወደኔ ዘወር አሉና «ከኛ ጉልላት እንቁላሎች አንዱን ነፋስ ጥሎ ሰብሮታል» አሉ፣ እንዲያው ወሬ ለማውራት ያህል።

እኔ ወሬያቸው ገብቶኛል፣ ግን ያልገባኝ ነገር ከጀርባዬ እየተሠራ ነበር። የሺ ቅሉን አልጋው ላይ አስቀምጣ፣ ፊት ለፊቱ በርከክ ብላ፣ አገጯን በመዳፎቿ ደግፋ ታየዋለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየፈለፈልኩ ነው።»

ፈለቀ መሬት ላይ ወድቆ ሳቀ። «ተያት እማዬ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» አለኝ። እሷ እንደ ቀልድ አልሰማችውም፣ እንደ ምስክር ቆጠረችው። «አየሽ?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከእንቁላሉ ሳትነቅል።

ቀኑን ሙሉ አልተነሳችም። ማታ ለትንሣኤ ቅዳሴ ስንወጣም ካልያዝኩት አልሄድም አለች፤ ገብረወልድ እንቁላሉን በነጠላ ጠቅልሎ እንደ ክርስትና ልጅ አቅፎት ሄደ፣ እሷም ከጎኑ እየተራመደች ስታየው አመሸች። ስንመለስ ልጅቷን እኔ አዝዬ እሱ እንቁላሉን አዝሎ ነው የገባነው። ጾም ስንፈታ እንቅልፍ ላይ ስለነበረች ትተናት በላን።

በነጋው ፋሲካ ሆነ። ዶሮ ቢጠፋ በግ አርደናል፤ የዶሮ ወጡን ቅመም ሁሉ በጉ ላይ አውለነዋል፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ቤቱ ቅቤ በቅቤ ሸቷል። የሺ ግን ዓይኗ ደም መስሎ እንደገና እንቁላሉ ፊት ተቀምጣለች። ብይ ብላት «አልራበኝም»። አይብ ባቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ። እንቁላሉን ልቀቅልልሽ ስላት ኡኡ አለች።

መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ከዚያ ተቆጣሁ፣ በመጨረሻ ፈራሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ስትጾም ገላዋ አልቆ አንገቷ መቃ አክሏል። በፋሲካ ቀን መጾም ኃጢአት መሆኑን ነገርኳት፤ ወደ እንቁላሉ ጠጋ አለች እንጂ አልበላችም። እኔ ቃል የገባሁት የምትበላውን እንቁላል ነበር፣ ከምግብ የሚያጣላትን አልነበረም። ሻንቆንም፣ ቄሱንም፣ ሰጎኗንም በልቤ ረገምኳቸው።

በመጨረሻ «እሺ፣ እኔ በአንቺ ፈንታ ላየው። አንቺ ሄደሽ ብይ» አልኳት።

አንገቷን ዘንበል አድርጋ መዘነችኝ። «ዓይንሽን ላታነሺ?»

«ላላነሳ።»

«በማርያም?»

«በማርያም።»

ተቀመጥኩ። ሰው እንቁላል ሲያይ መዋል ቀላል ይመስለዋል። አፍንጫዬ ይበላኛል፣ ወጡ ይንተከተካል፣ ከኋላዬ ኸዲጃና ዘሪቱ ገብተው «እንኳን አደረሳችሁ» ሲሉ ሳልዞር «እንኳን አብሮ አደረሰን» እላለሁ። ቄስ ዘሩም መጡ፤ ጀርባዬን እንደሰጠኋቸው ባረኩኝ። ባሌ ሲስቅ ይሰማኛል። የሺ ከፈለቀ ጎን ገበታ ቀርባለች፣ ግን የጉርሻ ድምፅ አልሰማም፤ እንጀራውን በጣቷ ትበጣጥሳለች መሰለኝ።

«ከበቡሽ! ዛሬስ እጅ አለሽ?»

ሻንቆ ነው። በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቷል። እኔ ምን ቀረኝ? ዘልዬ ተነሳሁ፣ እጁን ያዝኩ፣ ትከሻውን በትከሻዬ መታሁ፣ ጉንጩን ግራ ቀኝ ሳምኩት። «እንኳን መጣህ! እንኳን መጣህልኝ!» አልኩት።

«ዓይኗን አነሳች!» ብሎ ጮኸ ፈለቀ።

ዞር ብል የሺ ቆማለች። እጇ ላይ ያልጎረሰችው እንጀራ አለ። አንድ ነገር ልዋሽ አፌ ተከፍቶ ነበር፣ በጎን አየው ነበር ልላት። ግን በማርያም ምዬ ነበር። ደግሞም ያን ፊት ዋሽቶ ማለፍ አይቻልም።

«አነሳሁ፣ ልጄ» አልኳት። «እንግዳ መጣና ረሳሁት። ይቅር በይኝ።»

የምታለቅስ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን በረጅሙ ተነፈሰች። «አንቺም?» አለችኝ።

«እኔም ምን?»

መጥታ ወገቤን አቀፈችና ሆዴ ውስጥ አንሾካሾከች። «እኔም ቅዳሴ ላይ ተኛሁ። ጫጩቷን ገደልኳት። በእንቅልፌ ገደልኳትና ዝም አልኩ።»

ለካ ጠዋቱን ሁሉ የተቀመጠችው ለመፈልፈል አልነበረም፣ ለቅሶ ላይ ነበረች። ይህን ተሸክማ ነው እንጀራ አልወርድ ያላት። እኔ ደግሞ ኃጢአት ነው እያልኩ ሌላ እጨምርባታለሁ! አነሳኋትና ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ ያን መቃ አንገቷን ሳምኳት። «ሁለታችንም ገደልናት» አልኳት። «ሁለት ከሆንን ቀላል ነው።» አፏ ላይ ጉርሻ ሳደርግላት ዋጠችው። ሁለተኛውን እኔን አልጠበቀችም።

ሻንቆ ቅሉ ውስጥ አየና «እስካሁን አልበላሽም?» አለ፣ የምር ተገርሞ።

«ተበላሽቷላ!» አለ ፈለቀ። «ሁለቱም አላዩትም!»

«ቀዳዳው ትንሽ ትሁን፣ ቅርፊቱ ለጉልላቱ ይሆናል» አሉ ቄስ ዘሩ፣ አሁንም እንዲያው ወሬ ለማውራት ያህል። የሺን አየኋት። «ካለቀ አለቀ፣ ይውሰዱት» አለች፣ እንደ ትልቅ ሰው።

የስፌት ወስፌዬን አመጣሁ። ገብረወልድ እንቁላሉን ጭኑ ላይ አድርጎ መውጋት ጀመረ። ገና ሳይሸት ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ፤ ዘሪቱ በነጠላዋ፣ ኸዲጃ በሻርፗ፣ ፈለቀ በሁለት እጁ። ቅርፊቱ ጥቅ አለ። ባሌ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ ምራቁን ዋጠ፣ አሁንም አሸተተ።

«ተናገር እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» አልኩ።

«ደህና ነው» አለ። «ምንም አልሆነም።»

በትልቁ ድስት፣ በሽንኩርትና በንጥር ቅቤ ጠበስኩት። የመጀመሪያውን ጭልፋ ለየሺ አወጣሁ፤ ከዚያ ለቄሱ፣ ለሻንቆ፣ ለዘሪቱ፣ ለኸዲጃ፣ ሻንቆን ይዞ ለመጣው ሾፌር ሳይቀር ደረሰ። ፈለቀም ነጩንና አስኳሉን መለየት አቅቶት እንደተሰጠው በላ። በዚያ ፈንግል በገባበት ዓመት ጂንካ ውስጥ እንቁላል የበላው የኛ ግቢ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የሺ ግን ከመሃል ማኘኳን ተወች። ሳህኗን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ወደ ቄስ ዘሩ ዞረች።

«አባ» አለች፣ «እኔ ተኝቼ ነበር። እማዬም ዓይኗን አንስታ ነበር።»

«ሰማሁ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ማን ሲያየው ነበር?»

ቄስ ዘሩ ለስብከት የሚያንሱ ሰው አይደሉም፤ ያን ቀን ግን አፋቸው ሞልቶ ነበር። ቅቤ የነካ ጣታቸውን ብቻ ወደ ላይ ቀሰሩ። የሺ ቀና ብላ የጣሪያውን ቆርቆሮ አየች፣ ቆየች። ከዚያ ሳህኗን ወደ ፈለቀ ገፋ አድርጋ «ና፣ ከኔ ላይ ብላ» አለችው።