ብርዱ እስኪላላ

የአየር ትንበያ እየተሳደበ የሚያይ ሰው ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ያን ምሽት ግን ምክንያት ነበረኝ። የጀርመን ካርታ ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ ሆኗል፤ መላ አገሪቱ ከዜሮ በታች፣ መንገዱ ሁሉ የበረዶ ግግር፣ እነሱ ግላትአይስ የሚሉት። "ግድ ካልሆነባችሁ ከቤት አትውጡ" ትላለች ሴትዮዋ፣ ፈገግ ብላ ደግሞ! እኔ ነገ ማለዳ መርዶ አለብኝ።

የእማማ ለተገብርኤል ታናሽ ወንድም ተወልደ አስመራ ውስጥ አርፏል። እሳቸው አልሰሙም። እንደ ወጉ ገና ሲነጋጋ ከማኅበራችን ሽማግሌዎች ጋር ፍራንክፈርት ቦርንሃይም ሰፈር ቤታቸው ሄደን ልናረዳቸው ተቀጣጥረናል። ትንበያው ሳያልቅ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ሳሕለ ከኦስትኤንድ ሰፈር ደወሉ።

"ሸዋረገድ፣ አየሽው? ነገ ትራምም የለም አሉ። ይሄ ሁሉ ሽማግሌ ተንሸራቶ ቢሰበር ሌላ ለቅሶ ነው። አንቺ ጎረቤቷ ነሽ፣ ሂጂና ስልኳን ጠብቂ። አንዱ ችኩል የተወልደን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ከለጠፈው አበቃ። ብርዱ ሲላላ እንመጣለን። ብቻሽን እንዳትነግሪያት!"

"ኧረ አቶ ሳሕለ፣ ፊቴን ምን ላድርገው?"

"ዳቦ ያመጣሽ ምሰይ" ብለው ዘጉት።

ዳቦ! በገንኩ። መዋሸት እንደማልችል ፍራንክፈርት ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል።

ማለዳ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዝኩ ሄድኩ። በርገር ሽትራሰ ጎዳና ላይ ያሉት ዳቦ ቤቶች እንኳ አልከፈቱም፤ የራሴን የትናንት ዳቦ ነው የያዝኩት። እማማ በሩን ከፈቱ። ኩሽና ውስጥ ራዲዮው ይለፈልፋል። እኔን አዩ፣ ዳቦውን አዩ፣ ከዚያ ከኋላዬ ያለውን ባዶ ደረጃ አዩ።

"ሌሎቹስ?" አሉ።

"የ... የምን ሌሎች እማማ?"

"ልጄ፣ አትውጡ በተባለበት ቀን በዚህ ሰዓት ዳቦ ይዞ የሚመጣ የለም። እኔም ለስንቱ ሰው መርዶ ይዤ ሄጃለሁ።" ስልካቸውን ከሹራብ ኪሳቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። "ሰው ሳይሰበሰብ አትንገሪኝ። ማን እንደሆነም አትንገሪኝ። እስኪመጡ ድረስ ሁሉም በሕይወት አሉ።"

እንባዬ መጣ። እሳቸው አላለቀሱም። "ፊትሽን አዙሪ፣ ይናገራል" ብለው ወንበሬን ወደ መስኮቱ መለሱት።

ሻይ አፈሉ። ከጀርባዬ ሆነው ስለ ወንድሞቻቸው አወሩልኝ፣ አንዱንም ሳይዘሉ። ማን ሰነፍ እንደነበር፣ ማን ስኳር ይሰርቅ እንደነበር። ስኳር የሚሰርቀው ተወልደ ነበር።

ራዲዮው የሳምንቱን ትንበያ ጀመረ። እማማ ወሬያቸውን አቋርጠው ድምፁን ከፍ አደረጉት። ቅዝቃዜው በመላ አገሪቱ እስከ እሁድ አይለቅም አለ።

"ተመስገን" አሉ እማማ።