ጥቀርሻ ጣሪያ ላይ ስትደርስ

ሰውየው የልጅ ለቅሶ መስማት አይሆንለትም። አውቶቡስ ውስጥ ሕፃን ካለቀሰ ፌርማታው ሳይደርስ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ታላቅ እህቱ በዚህ ጠባዩ ስትስቅበት ነው የኖረችው፤ "አንተ የወለድክ ለት ልጁ አፉን ሲከፍት ለጎረቤት ሰጥተኸው ትጠፋለህ" ትለዋለች። እሱም አብሮ ይስቃል። ሥራው የስልክ ጨዋታ መሥራት ነው፤ ጠዋት ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ማታ ነው የሚነሳው። በእንዲህ ዓይነት ወንበር ላይ ብዙ የቆየ ሰው የዓለም ችግር ሁሉ ቁልፍ ተጭነው የሚያልፉት መስሎ ይታየዋል። ነገሩ ሳቅ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ምን ነበረበት!

የእህቱ ልጅ ፌንጣ ትባላለች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ልጅቷ እግር ካወጣች ጀምሮ ስትዘል እንጂ ስትራመድ ያያት ስለሌለ፣ ስሙን እናቷም ረስታዋለች። እናት ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኑ ግማሹ መኖሪያ ግማሹ ሥራ ቤት ነው፤ ሶፋው ላይ ለመቀመጥ መጀመሪያ ያልተዘመዘመ ቀሚስ ማንሳት፣ ቀጥሎም መርፌ አለመኖሩን በእጅ መዳበስ ያስፈልጋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ፌንጣ ከሶፋው ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ በርጩማ ስትዘል ሚዛኗን ሳተች። ለመደገፍ ቀኝ እጇን ዘረጋች። እጇ ያረፈው የጋለው ካውያ ላይ ነበር። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ሐኪሞቹ አይታሙም፤ ቁስሉን በደንብ አደረቁላት። መከራው የመጣው ከደረቀ በኋላ ነው። የተቃጠለ መዳፍ ሲድን ቆዳው ይሰበሰባል፣ ጣቶቹንም ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። ጠባሳው እስኪለሰልስ፣ ያውም ዓመትም ከዚያ በላይም ቢፈጅ፣ በየቀኑ ካልዘረጉት እጁ እንደተጨበጠ ይቀራል። መዘርጋቱ ደግሞ ያማል። ሆስፒታል ውስጥ ይህን የምታሠራት ፊዚዮቴራፒስት ሳቂታ ሴት ናት፤ ልጆቹ በሌለችበት "ጎታቿ" ይሏታል። ስሙን ስለምታውቅ "ጎታቿ መጣች፣ እጅ ወደ ላይ!" እያለች ነው ክፍሉ የምትገባው።

ሆስፒታልስ ደህና ነበር። ቤት ውስጥ ነው ጉዱ። እናት ጣቶቿን ገና ስትይዛት ፌንጣ ትጮኻለች፣ እናትም አብራ ታለቅሳለች።

"በገዛ ካውያዬ አቃጥዬ ደግሞ በገዛ እጄ ላሠቃያት?" አለችው ወንድሟን። "እኔ አንጀት የለኝም። አንተ ሞክራት እስቲ፣ አጎቷ አይደለህ?"

ሞከረ። ከሶፋው ላይ ቀሚሱን አንስቶ አጠገቧ ተቀመጠና ትንሿን ጣት በሁለት ጣቶቹ ይዞ ቀና ሲያደርጋት፣ "በእናትህ አጎቴ! በእናትህ ተወኝ!" አለችው። እንደ እሳት ለቀቃት። ጃኬቱን አንስቶ፣ "ነገ እንሞክራለን" ብሎ ወጣ። ማንም አልያዛትም ነበር፤ ጩኸቷ ግን ደረጃውን ጨርሶ አስፋልቱ እስኪደርስ በጆሮው ውስጥ ነበር።

ቤቱ ሲገባ መላው ተገልጦለት ነበር፤ ጣቶቿን ራሷ እንድትዘረጋ የሚያደርግ ጨዋታ ይሠራላታል። ይህን ፍቅር ብሎ ጠራው። ፍቅርም አለበት፣ ሽሽትም አለበት፤ ሁለቱን መለየት የቻለው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሊፍቱ በተበላሸ ረጅም ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ጥቀርሻ የምትባል ጥቁር የድመት ግልገል ቀርታለች፤ እናቷ ጣሪያው ላይ ሆና ትጣራለች። በየፎቁ በር አለ። ስልኩን ፊት ለፊት አቁመህ እጅህን ታሳየዋለህ፤ ካሜራው ጣቶችህን ያያል፤ በሩ የሚከፈተው ጣቶችህ በተዘረጉ መጠን ነው። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር በሮቹ ሰፋ አድርገህ እንድትከፍታቸው ይፈልጋሉ። የመጨረሻው በር፣ የጣሪያው፣ እጅ እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ካላለ ንቅንቅ አይልም። በየትኛው ፎቅ እጅ ምን ያህል መዘርጋት እንዳለበት የለካችለት ጎታቿ ናት፤ ከሥራ በኋላ እየቆየች፣ በራሷ እጅ እያሳየች።

አንድ ቀን ታዲያ ጠየቀችው። "ጣሪያው ላይ ከደረሱ በኋላስ?"

"ያሸንፋሉ እንጂ!"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ያልቃል። ማለቂያ የሌለው ጨዋታ ማን ይወዳል? ልጆቹን ወደ ላይ የሚጎትታቸው እኮ ማለቂያው ነው።" ቀጠለና ማለቂያውን አሳያት። ከሌላው ሁሉ አብልጦ የደከመበት እሱ ነበር። በሩ ይከፈታል፣ የማለዳ ፀሐይ ጣሪያውን ሞልታዋለች፣ እናትየው ግልገሏን አንገቷን ልሳ ልሳ ሆዷ ሥር ትወሽቃታለች፣ ሁለቱም ተጠቅልለው ይተኛሉ። ከዚያ "ጨርሰሻል! ጀግና ነሽ!" የሚል ጽሑፍ ይመጣል። የጎታቿ ዓይን እንባ አቀረረ። የጠየቀችውንም ረሳችው።

ጨዋታው ደግሞ ሠራ፤ አልሠራም ብዬ አልዋሽም። ለእናቷ ልመና ጆሮ ዳባ ልበስ ትል የነበረችው ልጅ ለድመት ስትል ጥርሷን ነከሰች። "ቆይ ቆይ፣ ጅራቷ በሩ ውስጥ ይቀራል!" ትላለች፣ ጣቶቿ እየተንቀጠቀጡ ትንሽ ይጨምራሉ። ላብ በላብ ሆና ትስቃለች። እናት ስፌቷ ላይ ሆና በጎን እያየች ልቧ ቅቤ ጠጣ። የጣሪያው በር የተከፈተ ዕለት አጎትየው በቪዲዮ ቀረጻት፤ ፌንጣ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ "ወረቀት እንኳን በሥሩ አያልፍም!" ስትል። እናት ያን ቀን ካውያውን ነቅላ፣ ማሽኑን ሸፍና፣ ሥራ የለም አለች።

ያቺ ቪዲዮ እግር አወጣች። ሌሎች ሆስፒታሎች ጨዋታውን ወሰዱት። ሰውየውን በጤናና በቴክኖሎጂ ላይ ንግግር እንዲያደርግ ይጋብዙት ጀመር፤ ከከተማ ከተማ፣ ከአዳራሽ አዳራሽ። የፌንጣ እጅ የቤት ግድግዳ በሚያህል ሸራ ላይ ይዘረጋል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እሱ የጅራቷን ቀልድ ይናገራል፣ ሕዝቡ ይስቃል። ቀልዱን ብዙ ቦታ ስለተናገረው የት ላይ ትንፋሽ መውሰድ እንዳለበት ሳይቀር ያውቃል።

ወደ አንዱ አዳራሽ በታክሲ ሲሄድ እህቱ ደወለች።

"ጣቷ ጎበጥ ያለ መሰለኝ። ትንሿና ከሷ ቀጥላ ያለችው።"

"እትዬ፣ ልጅቷ ጨርሳለች እኮ።" ከረቫቱን በአንድ እጁ እያስተካከለ ነበር። "ጠባሳው እስኪለምድ ነው። አታስቢ።"

"እንዲያ ነው? እንግዲህ አንተ ካልክ።"

አንተ ካልክ! ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ረስቷል፤ ይቺን ሁለት ቃል ግን አልረሳም። እህቱ ሐኪም ዘንድ መሄድ ትችል ነበር። ቀጠሮ ግን አልነበራትም፤ ጨዋታውን ስትጨርስ በጎታቿ ኮምፒውተር ላይ ከፌንጣ ስም ትይዩ "ጨርሳለች" የሚል አረንጓዴ ምልክት ስለበራ፣ ቦታዋ አዲስ ለተቃጠለ ልጅ ተሰጥቷል። አረንጓዴውንም የሠራው እሱ ነው። ቀለሙን ሲመርጥ ደስ ይበላቸው ብሎ ነበር።

የተመለሰው ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን ነው። ለፌንጣ የስዕል ቀለም ገዝቶላታል። በሩ ላይ ቆሞ እንደ ልማዳቸው መዳፉን ከፍ አድርጎ "በይ ምቺኝ!" አላት። በግራ እጇ መታችው። ቤቱ ውስጥ ካውያ እየሠራ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ እሷ ወፍራም ሹራብ ለብሳለች።

"የቀኙን ነው እንጂ! ጀግናዪቱን እጅ!"

"በርዶኛል" አለች።

እጅጌዋን ሰበሰበው። አውራ ጣቷና ጠቋሚዋ ደህና ናቸው። ሦስቱ ጣቶች ግን መዳፏ ላይ ተኝተዋል፤ ሳንቲም ጨብጣ እንዳይወድቅባት የምትጠነቀቅ ትመስላለች። እህቱ ከማሽኑ ቀና አለች፤ ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ አንተ ካልክ ያለችበት ያው ፊት ነው። ቁጣ ቢኖር በተሻለው።

"መቼ ነው እንዲህ የሆነው?"

"ቀስ እያለ።"

"ጨዋታው ስልኩ ላይ አለልሽ አይደል? ለምን አልተጫወትሽም?"

"ከፍቼው ነበር። 'እንደገና ጀምሪ' ነው የሚለው።"

"እና አትጀምሪም?"

ፌንጣ ለሞኝ እንደሚያስረዳ ሰው አየችው። "ከጀመርኩማ ጥቀርሻ ምድር ቤት ትመለሳለች። እናቷ ተኝታ ስትነቃ የለችም።"

ያቺን ቁልፍ የሠራት በመጨረሻው ቀን ነበር፤ ሻይ እስኪቀርብለት። ሁሉም ጨዋታ ስላላት አደረጋት እንጂ አላሰበባትም። በአዳራሹ ሁሉ "ልጆች በጨዋታው ውስጥ ይኖራሉ" እያለ ሲሰብክ፣ እዚህ ሳሎን ውስጥ አንዲት ልጅ ቃሉን አምና ስትኖርበት ነበር።

"ለኔ ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ? ደውለሽ?"

መሬት መሬት አየች። "እጄን ለሰው እያሳየህ ነበር። እንዳታፍር ብዬ።"

ሰማይ ተደፋበት። የስዕል ቀለሙን ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ እንደገና አነሳው፣ መልሶ አኖረው።

በማግሥቱ ጠዋት ሆስፒታል ሄዱ። ጎታቿ ጣቶቹን ያዘች፣ ሳብ አደረገች፣ ተወች። የዚያን ቀን እጅ ወደ ላይ አላለችም። ፌንጣን ሚዛን ላይ እንድትወጣ ነርሷ ጋ ሰደደቻትና፣ "ደርቋል። በመሳብ ብቻ አይመለስም" አለች። "ቀዶ ጥገና ነው። ጠባሳውን ከፍተው ከጭኗ ቆዳ ይለጥፉላታል። የመሃል ጣቷ ትድናለች ብዬ አስባለሁ። ሁለቱ… እንጃ፤ መገጣጠሚያቸው ታስሯል።"

እንድትሰድበው ፈልጎ ነበር። "ጠይቀሽኝ ነበር እኮ" አላት፣ ስድቡን ሊያቀብላት።

"ጠይቄህ ነበር። መልስ ሳልቀበል ግን ድመት አይቼ አለቀስኩ። አረንጓዴውን ሳይ እኔም ደስ ብሎኛል፣ ሰልፉ ቀነሰልኝ ብዬ።" እጇን ፊቷ ላይ አሳለፈች። "አሁን ስለ እኔና ስለ አንተ አናውራ። ጨርሰዋል የተባሉትን ልጆች ሁሉ ዛሬውኑ እንጥራ።"

ጠሩ። አብዛኞቹ ወላጆች ቅር አላቸው። አንድ አባት "ልጄ አሸንፏል እኮ፣ ራሱ ስልኩ ጽፎለታል!" ብሎ ዘጋበት፤ ሰውየው መልሶ ደወለለት። አንዳንዶቹ ደህና ነበሩ፣ አንዳንዶቹ በጊዜ ተደርሶላቸዋል። ጨዋታውንም አስተካከለው። ጥቀርሻና እናቷ ሳይለያዩ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ይሻገራሉ፣ በሩ አያልቅም፣ ወደ ኋላ የሚመልስም የለም። ጠቅላላ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ! ከዚያ ሁሉ አዳራሽ ከአንዱ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ ሁሉ እራት አንዱን ትቶ ቢሆን ኖሮ። ይህን "ቢሆን ኖሮ" ሲያላምጠው ይውላል፤ አይዋጥለትም።

ቀዶ ጥገናው ተሠራ። ፋሻው ሲነሳ አዲሱን ጨዋታ አመጣላት። ትንሽ አየችው፣ ፈገግ አለች፣ "በኋላ" አለችው። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቀሚሱን ከሶፋው አነሳና አጠገቧ ተቀመጠ፣ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ጎታቿ እንዳሳየችው ከመጀመሪያው አጥንት ጀመረ።

"በእናትህ አጎቴ!"

አልለቀቀም። እግሩ ወደ በሩ ሄደበት፤ አልለቀቀም። ፌንጣ አለቀሰች፣ ሰደበችው፣ በግራ እጇ ትከሻውን ደበደበችው። እናት ማሽኗን አቁማ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ነገም እንዲሁ ሆነ፣ ከነገ ወዲያም። ሰውየው አሁን ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የጋበዙትን አዳራሾች ይቅርታ ብሏል።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ለቅሶዋ ቀለል ሲልላት፣ እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ጎንበስ ብላ በጎን አየችው። አውራ ጣቷ፣ ጠቋሚዋና የመሃል ጣቷ ከእንጨቱ ተጣብቀዋል። ሁለቱ እንደ ድልድይ ቆመው ብርሃን በሥራቸው ያልፋል።

"እነዚህ ሁለቱ ከዚህ በላይ አይወርዱም፣ አይደል?"

ጣፋጭ መልስ ምላሱ ላይ መጣ። ዋጠው። "አይወርዱም። ትጽፊባቸዋለሽ፣ ብርጭቆ ትይዢባቸዋለሽ። ዝርግ ግን አይሉም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ጣቶቿን ትንሽ አየቻቸውና ሌላ ነገር አሰበች።

"ጥቀርሻ ግን እናቷ ጋ ናት?"

"ናት።"

"እንኳን አልመለስኳት" አለች ፌንጣ ከልቧ ደስ ብሏት፣ እጇንም መልሳ ዘረጋችለት። አጎቷ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። አቀርቅሮ የሚቀጥለውን ጣት ያዘ።