ሁለተኛው ቅጂ

ሐመልማል ቀጨኔ ዳገቱ ላይ፣ ከእናቷ በወረሰችው ቤት ትኖራለች። መተዳደሪያዋ የተቀዳ ድምፅ እየሰማች ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ያን ክረምት የያዘችው ሥራ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን ቤት ውስጥ ስለሚያስታምሙ ሰዎች የሚደረግ ጥናት ነበር። ተናጋሪዎቹ ስማቸው አይጠራም።

የጥናቱ አስተባባሪ ዮፍታሔ ሥራውን ሲሰጣት ውል አስፈርሟታል። ድምፁ ኢንተርኔት ላይ አይወጣም። አንዱ ቅጂ ላፕቶፗ ላይ፣ ሌላው በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ዲስኩ ደግሞ ሌላ ቤት መዋል አለበት፤ ሌባ ቢገባ ወይም እሳት ቢነሳ ሁለቱም አብረው እንዳይጠፉ። ዮፍታሔ ሥራውን ሲረከባት ሁሉንም ትደመስሳለች።

ዲስኩን የምታስቀምጠው ቶይባ ዘንድ ነበር። ቶይባ ከሐመልማል ቤት ዝቅ ብሎ መታጠፊያው ላይ ሱቅ አላት፤ አብረው ነው ያደጉት። አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር ሐመልማል ዲስኩን ወስዳ ድምፁን ትጭንበትና ትመልሳለች። ቶይባም ምን እንዳለበት ሳትጠይቅ መሳቢያዋ ውስጥ ትከተዋለች።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ሐመልማል ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ጣሪያው አፍስሶ አገኘችው። ኮርኒሱ ያቆረው ውሃ ጠረጴዛው ላይ ወርዷል። ላፕቶፑ መብራት ላይ እንደተሰካ ረጥቧል፤ ብትሞክረው አልነሳ አላት።

በማግስቱ ጳውሎስ አካባቢ ወዳለ የኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰደችው።

"ትተሽው ሂጂ፤ ነገ እደውልልሻለሁ" አላት።

"የሰው ምስጢር አለበት። እዚሁ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።"

ጠጋኙ ፈትቶ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ። "ቦርዱ አልቆለታል። ፋይሉ የሚቀመጥበትም አብሮ ተቃጥሏል። ሌላ ቦታ አላስቀመጥሽም?"

"አስቀምጫለሁ" አለች። ያን ያህል አልደነገጠችም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። ቶይባ ዲስኩን ከመሳቢያው አውጥታ ስትሰጣት፣ ሱቁ ውስጥ የሚያግዛት ወንድሟ አሽረፍ ቀና ብሎ አየ።

"ያ ዲስክ ያንቺ ነው እንዴ?" አለ።

"አዎ፣ ምነው?"

"የአጎታችንን ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ላደርግበት ስሰካው... እ... ማለቴ፣ ኮምፒውተሩ ሊያነበው አልቻለም። ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የተበላሸ መሰለኝ፤ እሺ አልኩት፣ ያለበትን ሁሉ አጠፋው።"

"የተቆለፈ ስለሆነ ነው ያላነበበው" አለች ሐመልማል።

ቶይባ ወንድሟን አየችው፤ እሱ አንገቱን ደፋ። ሐመልማል ቆጣ ልትል ፈልጋ ነበር። ግን ዲስኩ ሲሰካ ምን እንደሚል፣ ምን ማለት እንደሌለባቸውም ነግራቸው አታውቅም። ዲስኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

የቀደሙትን ሥራዎች አስረክባ ነበር። የጠፋው የመጨረሻው፣ የአንዲት አሮጊት እናት ቃል ነው። ሙሉውን ሰምታው ነበር፤ ከጽሑፉም አብዛኛውን ጨርሳ ነበር፤ እሱም ከላፕቶፑ ጋር ጠፋ። እናትየው ገበያ በወጡ ቁጥር የታመመ ልጃቸውን ጓዳ ውስጥ በሰንሰለት ያስሩት እንደነበር፣ ሲመለሱ ጩኸቱ መንገድ ላይ ይሰማቸው እንደነበር እያለቀሱ ተናግረዋል።

ለዮፍታሔ ደውላ የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

"መቅረጫው ላይ የነበረውም ተደምስሷል" አለ። "ፋይሉ ለአንቺ ሲደርስ ይጥፋ ነው የሚለው መመሪያው። ቃለ መጠይቁን ያደረገችው ልጅም ሥራ ለቃለች። በቃ፣ የምታስታውሺውን ጻፊው።"

"የምጽፈው የእኔ ቃል ነው የሚሆነው፣ የሳቸው አይደለም። ደውለህ እውነቱን ንገራቸው።"

ዮፍታሔ አልወደደውም፤ ግን ደወለ። ኋላ ለሐመልማል ሲነግራት ድምፁ ግር ያለው ይመስል ነበር።

"ይቆጡኛል ብዬ ነበር። 'ማንም ዘንድ የለም?' አሉኝ። የለም ስላቸው 'ተመስገን' አሉ። እንደገና ለመናገር ግን እሺ ብለዋል።"

ሐመልማል ከዘመዷ ላፕቶፕ ተዋሰች፤ አዲስ ዲስክም ገዛች። አዲሱ ድምፅ ሲመጣ ዲስኩ ላይ ጭና፣ ቆልፋው ወደ ቶይባ ወረደች።

"አሁንም እኔ ጋ ልታስቀምጪ?" አለች ቶይባ።

"ታዲያ ማን ጋ ላስቀምጥ? ውስጡ ያለው ሰዎች አምነው የተናገሩት ነው። ኮምፒውተር ላይ ቢሰካ ፎርማት ይደረግ ይላል፤ እንዳትሰሙት።"

ቶይባ ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ሱቁ ውስጥ ማስቀመጡን ትታ ቤቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ሐመልማል ቤቷ ተመልሳ የጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ጀመረች። እናትየው ረጋ ብለው ነበር የሚናገሩት። ልጃቸውን ጠበል እንደወሰዱት፣ ሆስፒታል እንዳመላለሱት፣ ጎኑ ተቀምጠው እንዳጎረሱት ተናገሩ። ሐመልማል የሰንሰለቱን ነገር እየጠበቀች ጻፈች። አዲሱ ጠያቂ "ብቻውን ትተውት የሚወጡበት ጊዜ ነበር?" ሲል ጣቷን ከፊደሎቹ ላይ አነሳች።

"ጎረቤት ያይልኝ ነበር" አሉ።

እንዳሉት ጻፈችው። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ሰንሰለቱ አልተነሳም።

ጽሑፉን ካስረከበች በኋላ ዮፍታሔ ደወለ።

"የፊተኛውን ቅጂ የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ከዚህ ጋር አንድ ነው? የቀረ ነገር አለ?"

"የተቀዳውን ሁሉ ጽፌያለሁ።"

"የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም።"

"አውቃለሁ። የፊተኛው ግን ጠፍቷል፣ ዮፍታሔ። ጠፍቷል ብለህ ነግረሃቸዋል፤ እሳቸውም ይህን አምነው ነው እንደገና የተናገሩት።"

ከዮፍታሔ በኩል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ።

"እሺ" አለ በመጨረሻ። "ተረክቤያለሁ።"

ሐመልማል ወደ ቶይባ ቤት ወርዳ ዲስኩን አመጣች። መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ድምፅና ጽሑፍ፣ ቀጥሎም ዲስኩ ላይ ያለውን ድምፅ ደመሰሰች።