እስከ ሰባት ቤት

አማቲቱ አጥሩን ዘላ ገብታ፣ የቀጠፈችውን እሸት በቆሎ በጉያዋ ሸጉጣ፣ የድንጋይ ካቡ ላይ ተመቻችታ ተቀምጣለች። አቶ ሽባባው ወንጭፋቸው ውስጥ ድንጋይ ከከተቱ ቆይተዋል። በመካከላቸው ያለው ጥቂት ትልም ነው፤ ከዚህ ርቀት ስተው አያውቁም። ዛሬ ግን ክንዳቸው ተነስቶ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

አማቲቱ ያሏት እሳቸው ናቸው። ጆሮዋ የተሸረፈ አሮጊት ጦጣ ናት፤ ሳትጠራ ትመጣለች፣ ሁሉን ትመረምራለች፣ ምንም አይጥማትም፤ ስለዚህ ስም ሲያወጡላት ብዙ አላሰቡም። የዘንገና ጫካ ጦጣ ሁሉ እሷን አይቶ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሲሰድቧት በአገውኛ ነው። በአማርኛ ሲሰድቧት የምትሰማ አትመስልም።

ዛሬ እጃቸውን የያዛቸው ከኋላዋ ብቅ ያለው ወንድ ጦጣ ነው። ይህን ጎረምሳ መስከረም ከጠባ ጀምሮ ያውቁታል። ከሌላ መንጋ ወጥቶ፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ጫካው ዳር ብቻውን ሲንከራተት ነው የከረመው። ሴቶቹ ጥርሳቸውን እያገጠጡ ያባርሩታል፤ እሱ ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል፤ በማግስቱ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። አቶ ሽባባው «መጤው» ይሉታል። አሁን መጤው በቂጡ እየተንፏቀቀ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ ወደ ካቡ ተጠጋ። አማቲቱ በቆሎዋን አስቀመጠችና ብዙ አየችው። ከዚያ እጇን ሰደደችና ጫካ ውስጥ ሲንከራተት ጀርባው ላይ የተጣበቀበትን ጭጎጎት አንድ በአንድ ትለቅምለት ጀመር።

«እንዴ» አሉ አቶ ሽባባው ለራሳቸው።

ወንጭፉን አወረዱ። ሌላው እጃቸው ሳያዙት ኪሳቸው ገብቶ ስልኩን ይዞ ወጣ። ይህን ነገር ሊሰማ የሚገባው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ስሙንም ልጃቸው ሶስና ስልኩ ላይ መዝግባላቸዋለች። ሊደውሉ ሲሉ ትዝ አላቸው። ዛሬ ለዚያ ሰው አይደወልም። ከሰዓት በኋላ ከሽማግሌዎች ጋር መጥቶ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ሊቆጥር ነው፤ እንደማይችል ደግሞ አቶ ሽባባው ጥንቅቅ አድርገው ያውቃሉ።

ያ ሰው፣ ኃይለመለኮት፣ እዚህ ማሳ ዳር ብቅ ያለው ዓምና በዚሁ ወቅት ነበር። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር ድምፁን የሚቆጥብ ወጣት ነው። «ጦጣዎቹን እዚህ ተቀምጬ ባይ ይፈቅዱልኛል?» ሲላቸው ጤንነቱን ተጠራጥረው ነበር። ሰው ጦጣ ሊያባርር ይቀመጣል እንጂ ሊያይ ይቀመጣል?

«ሰው ከጦጣ መጣ እያልክ የምታስተምረው አንተ ነህ?» አሉት።

«ከጦጣ አልመጣንም፣ አባቴ። እነሱም እኛም እጅግ የሩቅ አንድ አያት አለን ነው የምንለው። ጅራት የሌላቸው ትልልቆቹ ደግሞ ከእነዚህ ይልቅ ይቀርቡናል።»

«እኔን እግዚአብሔር ነው የፈጠረኝ። ያንተን አላውቅም።»

«እኔንም እሱ ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «እንዴት አድርጎ እንደሠራን ነው ማየት የምፈልገው።»

መልሱ ባይዋጥላቸውም አቀማመጡ ተስማማቸው። ሰዓታት ሙሉ ሳይቁነጠነጥ ይቀመጣል፤ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በቆሎውን ይጠብቅላቸዋል። ቀስ በቀስ እሱ ማታ ማታ ያየውን ይነግራቸው፣ እሳቸውም ጠዋት ጠዋት ያመለጠውን ይነግሩት ጀመር። የተጣሉት እንዴት እንደሚታረቁ፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ እንዴት እንደምታዝል አስተዋሉ። አንድ ቀን ሁለት እህትማማች ጦጣዎች ጠጉር ለጠጉር ሲፈታተሹ አይተው «ቅማላም ሁሉ» ቢሉ ኃይለመለኮት ራሱን ነቀነቀ።

«ቅማሉ ምክንያት ነው፣ አባቴ። ከአንቺ ጋር ነኝ መባባላቸው ነው። ቃል ከማወቃችን በፊት የእኛዎቹም እንዲህ ሲባባሉ ሳይኖሩ አልቀሩም።»

አቶ ሽባባው ያን ማታ ሟች ባለቤታቸውን የምሥራችን አስታወሱ። ሶስና ልጅ ሳለች እናትና ልጅ ሲኮራረፉ፣ ዕርቁ በቃል ሆኖ አያውቅም ነበር። የምሥራች ሚዶዋን ይዛ ትቀመጣለች፤ ልጅቱ ፊቷን እንዳኮሳተረች መጥታ ጉልበቷ መሃል ትገባለች፤ ሹሩባው ተሠርቶ ሲያልቅ ኩርፊያውም አልቋል። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ልጁን ግን ከዚያ ወዲህ የበለጠ ወደዱት።

መጤው ጦጣ የመጣ ሰሞን ደግሞ እንዲህ ተባባሉ።

«ይሄ ጎረምሳ የማን ነው?»

«የሌላ መንጋ ነው። በእነሱ ዘንድ ሴቶቹ ከእናታቸው ጋር ይቀራሉ። ወንዱ ነው ሲጎረምስ ወጥቶ ሌላ ቤት ደጅ የሚጠናው።»

«ዘሩን ማን ይጠይቀዋል?»

«ማንም አይጠይቀውም። አቀማመጡን ነው የሚያዩት።»

«እንግዲያ መጤው ይባል» አሉ አቶ ሽባባው።

«እኛንም እንደዚያ ነበር የሚሉን» አለ ኃይለመለኮት፣ ቅር ሳይሰኝ። ከዚያ ነገራቸው። ቤተሰቦቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው ቆላ የሰፈሩ ናቸው። አያቱ ሰፈራው ላይ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ሞቱ፤ አባቱ ያኔ ልጅ ነበር፤ እሱም ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። «ዘር የሚያስቆጥረን ሰው መንገድ ላይ ቀረ» አለ።

ይህን ያወቁት እንግዲህ የሶስና ነገር ለሽማግሌ ከመድረሱ በፊት ነው። እሷ እንጅባራ የዞን መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሳው ድረስ ምሳ ታመጣለች። መጀመሪያ ለአንድ ሰው የሚሆን ታመጣ ነበር፤ ኋላ ለሁለት ሆነ፤ ከዚያ ሰነባብቶ ሽማግሌ መጣ። በመጀመሪያው ቀን «ልምከርበት» አሉ። በሁለተኛው ቀን ግን አፋቸው ያላሰቡትን ቃል አወጣ፤ ወይም አስበውበት ነበር። «እስከ ሰባት ቤት ይቁጠር። የሚቆጥርለት ዘመድ ከሌለ ራሱ መጥቶ ይቁጠር» አሉ። ሥጋ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ በዚህ አገር ከጋብቻ በፊት ሁሉም ዘሩን ይቆጥራል፤ ስለዚህ ጥያቄው ለማንም እንግዳ አልሆነም። ሰባቱን እንደማያገኛቸው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፋቸው ልክ አይደለም። ብታገባ የምትሄድበት እንጅባራ ቅርብ ነው ይሏቸዋል ሁሉም፤ ባጃጅ ተሳፍሮ መድረስ ነው። መቅረቡንስ እሳቸውም አላጡትም። ነገር ግን የምሥራች ከሞተች ጀምሮ ይህ ቤት ቤት የሚሆነው ማታ «አባየ፣ መጣሁ» የሚል ድምፅ ከበሩ ሲገባ ነው። ያን ድምፅ የሚያመጣ ባጃጅ የለም። ልጃቸውን ይወዷታል፤ ልጁንም ይወዱታል፤ ብቻቸውን መቅረትን ግን ይፈሩታል። ይህን ፍርሃት ለሽማግሌ ማቅረብ ስለማይቻል ሰባቱን ቤት አቀረቡ።

ሶስና ሳትጠረጥር አልቀረችም። ዛሬ ጠዋት ማሳ ሊወጡ ሲሉ ጋቢያቸውን እያቀበለች፦

«አባየ፣ እርስዎ እሺ ካላሉ አልሄድም» አለቻቸው። «ግን እምቢ ካሉ ምክንያቱን ለእኔ ይንገሩኝ። ለሽማግሌ የሚነገረውን ሳይሆን የእርስዎን።»

ወንጭፋቸውን አንስተው ወጡ።

ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሦስት ናቸው፤ ጎረቤታቸው ዓለምነው በትሩን ይዞ ከፊት ቆሟል። እንደ ደንቡ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም፤ ከቀርከሃው አጥር ሥር ተደርድረው ቆሙ። አቶ ሽባባው ከቤታቸው ደጃፍ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጠያቂው ልጅ ግን የለም። ዓለምነው መንገዱን እያየ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ኃይለመለኮት የመጣው በመንገዱ በኩል አልነበረም። በጓሮ፣ ከጫካው በኩል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሰ። ኮቱ አዲስ ነው፤ ከአንገትጌው እስከ ጫፉ ግን ጭጎጎት ወርሶታል።

«ምነው ልጄ» አለ ዓለምነው በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም ሰማው። «ለሽምግልና እንዲህ ሆኖ ይመጣል?»

«ይቅርታ። ጭንቅ ሲለኝ ወደዚያ ነው የምሄደው» አለ ልጁ።

አቶ ሽባባው ቀድመው የራሳቸውን ቆጠሩ። ሰባቱን ቤት ዳዊት እንደሚደግም ሰው ሳይደናቀፉ አወረዱና ልጁን አዩት።

«ኃይለመለኮት» አለ ልጁ። «አስማረ። አህመድ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሦስተኛው ስም ዓይኑን አነሳ። ልጁ አየው፤ ስሙን ግን አልዋጠውም። ሌላ ስም አልተከተለም። ከአጥሩ ማዶ በዋናው መንገድ ሚኒባስ እያጓራ አለፈ።

«ወሎ እኮ ነው» አለ ዓለምነው ሊረዳ ፈጥኖ። «ከወሎና ከአገው የሩቅ ለሩቅ ምን ዝምድና ይመጣል ብለው ነው፣ አቶ ሽባባው?»

«ዝምድና ፈርቼ አይደለም» አሉ። ይህ እንኳ እውነት ነበር። ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተ ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ስትቆጥር አልነበረም እንዴ? ሰባት ሰው አቃተህ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቅ አሉና ሳቃቸውን መልሰው ዋጡት።

«አቃተኝ፣ አባቴ» አለ ኃይለመለኮት። «አጥንት ድንጋይ ውስጥም ሆኖ ይጠብቃል። ስም ግን የሚነግር ሰው ይፈልጋል። አራት ስም ከራሴ ፈጥሬ ብጨምር ማንም አያጣራም ነበር። እርስዎን ግን አልዋሽም። እንደማላውቅም ነግሬዎት ነበር።»

የመጨረሻውን ቃል ሲናገር ድምፁ ወቀሳ አልነበረውም። አቶ ሽባባውን የወጋቸውም እሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሩ። ከእንግዲህ «አይሆንም» ቢሉ ማንም አይከራከራቸውም፤ ደንብ ነው፤ አራት ቤት ጎድሏል። ሶስናም እንዳለችው ትቀራለች። ማታ በሩ ይከፈታል፣ «አባየ፣ መጣሁ» ይባላል፣ ራት ይቀርባል። ቃሉ ምላሳቸው ላይ ነበር።

ቀና ሲሉ ልጃቸውን አዩ። በበሩ መቃን ሥር ቆማለች። አታለቅስም፤ አትለምንምም። የምታየው የኃይለመለኮትን አንገትጌ ነው። ጣቶቿ ቀሚሷ ላይ አንድ ነገር እንደሚለቅሙ ሆነው ይንቀሳቀሳሉ፤ ሽማግሌ ፊት ነውር ስለሆነባት ይዛቸዋለች እንጂ ቢለቋት ሄዳ ጭጎጎቱን ታነሳለታለች። የእናቷ ጣቶች ናቸው። ባዶ ቤት፣ ከእነዚህ ታስረው ከሚቀሩ ጣቶች ጋር የመኖርን ያህል እንደማያስፈራ ያን ጊዜ ለአቶ ሽባባው ገባቸው።

በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ዓለምነው ልጁን ሊያባርሩት የተነሱ መስሎት አንድ እርምጃ ወደፊት ራመድ አለ።

«ዛሬ ጠዋት» አሉ አቶ ሽባባው ልጁ ፊት ሲደርሱ፣ «አማቲቱ መጤውን አስጠጋችው።»

ኃይለመለኮት የቆመበትን ረሳ። «አማቲቱ ራሷ? የት? ካቡ ላይ? እሱ ነው የቀረባት ወይስ እሷ ናት?» እያለ እጁ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱ ገባ።

«እሱ ቀረበ። እሷ ብዙ አየችው። ከዚያ ጭጎጎቱን ለቀመችለት።»

«ያኔማ ገባ ማለት ነው» አለ ልጁ፤ ፊቱ በርቶ። «ከእንግዲህ ማንም…»

አልጨረሰውም። የአቶ ሽባባው ሻካራ ጣቶች ኮቱ አንገትጌ ላይ አርፈው ነበር። አንዱን ጭጎጎት ነቀሉና አዩት፤ ወደ መሬት ጣሉት። ሌላውን ነቀሉ። ኃይለመለኮት እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ ለቀቀና፣ እንዲመቻቸው አንገቱን ዝቅ አደረገላቸው። ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል።

ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው ተያዩ።

«አቶ ሽባባው» አለ ዓለምነው በመጨረሻ፤ «እኛ ቆመናል። መልሱ ምንድን ነው?»

«ቆይ እስቲ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከአንገትጌው ሳያነሱ። «ጀርባው ላይ ገና ብዙ አለ።»

ከኋላቸው በሩ ሲጥ አለ። ሶስና ረዥሙን አግዳሚ ወንበር ብቻዋን እየጎተተች ከቤት ወጣች።